«ውሻዬ አልበላ አለኝ»

ሰሞኑን የሚደርሱን ደብዳቤዎች አንድ ወሬ ነው የሚያወሩት። ውሻው አይበላም፣ ከስቷል፣ ምግብ ያማርጣል፣ ምን ይሻላል? እኛም የዚህን ጊዜ ዓምድ ለዚሁ ብቻ ሰጥተነዋል።

አንድ ነገር ላስቀድምና ወደ ጥያቄዎቹ እንሂድ። ሰው «ውሻዬ አይበላም» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ውሻው ሳይሆን ስለ ሳህኑ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጣጣው ያለው እዚያ ነው። ሳህኑ ደህና ከሆነ ወደ አፉና ወደ ሆዱ እንሄዳለን። «ባሕርዩ ነው፣ ሲፈጥረው መራጭ ነው» የሚባለው ሁሉም ተጣርቶ ካለቀ በኋላ ነው፤ እኛ ግን ሁልጊዜ የምንጀምረው ከእሱ ነው።

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። አንድ ዓመት ተኩል የሆነው ጀርመን ሸፐርድ አለን፣ ስሙ ሮኪ ይባላል። የጎን አጥንቱ ይቆጠራል። ጠዋት የተረፈ ፍርፍር፣ ማታ ሽሮ በእንጀራ እንሰጠዋለን፤ አሽትቶ ጥሎት ይሄዳል። ከሁዳዴ መግቢያ ወዲህ ደግሞ ብሶበታል። እናቴ ታዝንለትና በእጇ ስታጎርሰው ጥቂት ይቀምሳል። ጎረቤት «አታበሉትም እንዴ?» እያለ አሳፍሮናል። ምን ብናደርግ ይሻላል?» (ከአያት፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሮኪ መራጭ አይደለም። ጾመኛ ነው።

እናንተ የምትጾሙት ፈልጋችሁ ነው፣ እሱን ግን ማንም አልጠየቀውም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ የነቢያት ጾም አለ። ሁሉንም የሚጾም ቤት ቢደምረው የዓመቱን ግማሽ ያህል ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ድስቱ ውስጥ አይገቡም። ከቤቱ ትርፍራፊ ሌላ የማያገኝ ውሻም ያንኑ ያህል ጊዜ እንዲሁ ይውላል ማለት ነው። «ከሁዳዴ መግቢያ ወዲህ ብሶበታል» ያልሽው ራሱ ግማሹ መልስ ነው።

እንጀራ ውሻን አይጎዳም። ግን ከግማሽ በላዩ ውሃ ነው፤ ሆድ ይሞላል እንጂ ለትልቅ ወጣት ውሻ የሚበቃ ፕሮቲንና ስብ የለውም። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ወጡ ነው። ሽሮው በምን ተሠራ? በሽንኩርት። ፍርፍሩስ? በሽንኩርትና በበርበሬ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ናቸው፤ ቢበስሉም ቢደርቁም ያው ነው። ቀይ የደም ሕዋሱን ያፈርሱታል። አንድ ቀን ቀምሶ አይሞትም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲገባበት ግን ደሙ ያንሳል፣ ድዱ ይነጣል፣ ይደክመዋል፣ የመብላት ፍላጎቱም ይጠፋል። አሁኑኑ ሄደሽ ከንፈሩን ገለጥ አድርጊና ድዱን እዪው። ሮዝ ከሆነ ደህና። ከነጣ ወይም ቢጫ ከሆነ መጽሔቱን አስቀምጪና ሐኪም ዘንድ ውሰጂው።

ለመሆኑ እውነት ከስቷል ወይ? ጎረቤት ዳኛ አይሆንም። እጅሽን ጨብጪና የጣቶችሽን አንጓ በሌላው እጅሽ ዳስሺ። የሮኪ ጎን ሲዳሰስ እንደዚያ ጎርበጥ ጎርበጥ ካለ ከስቷል። እጅሽን ዘርግተሽ የእጅሽን ጀርባ ስትዳስሺ የሚሰማሽ ዓይነት ከሆነ፣ ማለትም አጥንቱ ሳትጫኚ ከተገኘ ግን ስስ ሽፋን ካለው፣ ልክ ነው። የመዳፍሽን ሥጋ ከመሰለ ደግሞ ወፍሯል። ይህን የምልሽ ጀርመን ሸፐርድ በዚህ ዕድሜው ቁመቱ ቀድሞ ደረቱ የሚሞላው ዘግይቶ ስለሆነ ነው፤ ሁለት ዓመት አልፎትም መሙላቱን የሚቀጥል አለ። ግን አጥንቱ ከሩቅ የሚቆጠር ከሆነ፣ የወገብና የዳሌ አጥንቱም ከወጣ፣ ያ የዕድሜ ጉዳይ አይደለም።

ምግብ ከመቀየራችሁ በፊት አንዴ ይመርመር። ጥርሱ ተሰብሮ እንደሆነ፣ ጆሮው ውስጥና በጣቶቹ መካከል መዥገር እንዳለ ይታይ። መዥገር የሚያስተላልፈው የደም በሽታ ሌላ ምልክት ሳያሳይ በፊት ምግብ ያስጠላል፣ ያከሳል፣ አንዳንዴም ያነስራል። ሰገራውም ለትል ይመርመር። ወደ ደብረ ዘይት መንገድ ካላችሁ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቢሾፍቱ ላይ ማስተማሪያ ሆስፒታል አለው። በነገራችን ላይ የዚህ ዝርያ ውሾች ቆሽታቸው ምግብ የሚፈጨውን ኢንዛይም ማምረት የሚያቆምበት በሽታ ያጠቃቸዋል፤ ያ ውሻ ግን እንደ ሮኪ አሽትቶ አይተውም፣ ያገኘውን ሁሉ እየበላ ነው የሚከሳው፣ ሰገራውም ብዙና የገረጣ ይሆናል።

አሁን ወደ ሳህኑ። ሮኪ ሊደርስበት የሚገባው ክብደት 30 ኪሎ ነው እንበል። በ30 አባዢውና 70 ጨምሪበት፣ 970 ይመጣል። ይህ ዝም ብሎ ለተኛ ውሻ የሚበቃ ካሎሪ ነው። ለሚንቀሳቀስ፣ ላልተኮላሸ ወጣት ውሻ በ1.8 ታበዢዋለሽ፣ ወደ 1,750 ይጠጋል። በደረቅ የውሻ ምግብ ከሆነ በቀን ከ440 እስከ 500 ግራም ገደማ ነው፣ እንደ ምግቡ ዓይነት። ቤት የምታበስሉ ከሆነ ግማሽ ኪሎ የበሰለ ሩዝና ከ400 ግራም በላይ የበሰለ ሥጋ እዚያው አካባቢ ያደርሳል። ሥጋው ምርጥ ብልት መሆን የለበትም። ቅንጥብጣቢ፣ ጨጓራ፣ የበሰለ ሳንባ ይሆናል፤ ሁለቱ የመጨረሻዎቹ ስብ ስለሌላቸው መጠኑን ከፍ ማድረግ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት መጨመር ያስፈልጋል። አንድ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል ነው። ጨው፣ ሽንኩርት፣ በርበሬ አይግባበት። ሥጋና ሩዝ ብቻ ለወራት የሚበላ ውሻ ካልሲየም ስለሚያጥረው የእንቁላል ቅርፊት ቀቅላችሁ፣ አድርቃችሁ፣ እንደ ዱቄት ፈጭታችሁ ለግማሽ ኪሎ ሥጋ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨምሩ።

ለውጡ በአንድ ቀን አይሁን። ከአዲሱ ሩቡን፣ ከአሮጌው ሦስት እጁን ብላችሁ ጀምሩና በሳምንት ውስጥ አገላብጡት። አሮጌው ስል ሽሮውን ሳይሆን እንጀራውን ማለቴ ነው፣ ሽሮው ዛሬውኑ ይቁም።

«ጾም ነው፣ ሥጋ እንዴት ቤት ይገባል?» የሚል ይኖራል፣ ገብቶኛል። ለእሱ ድስት ለዩለት፣ ውጭ ማድ ቤት ይቀቀልለት። ብዙ ሥጋ ቤት በሁዳዴ ስለሚዘጋ ደግሞ በቅበላ ሰሞን ገዝቶ፣ ቀቅሎ፣ የየቀኑን በላስቲክ ለይቶ ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ዓሣ በጾም ወራትም አይጠፋም፤ እሾሁ በደንብ ከተለቀመ ግሩም ነው። ያለ ሽንኩርት የተቀቀለ ምስርም ያግዛል፣ ብቻውን ግን አይበቃም። ለፋሲካ ደግሞ አደራ። ሁለት ወር ያለ ቅባት የኖረ ሆድ ላይ በአንድ ቀን ስብ ሲወርድበት ቆሽቱ ይቆጣል፣ ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ይዞ ይጎብጣል። የዶሮ ወጥ ደግሞ በሽንኩርት የተሠራ ነው፣ የበሰለ የዶሮ አጥንትም እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋል።

እናትሽን በእኔ ስም ሳሚያት፣ ግን ማጉረሱን ትተወው። ጠዋትና ማታ፣ ሰዓቱን ጠብቃችሁ፣ ሞቅ ያለ ምግብ (ሲሞቅ ይሸታል፣ ውሻ ደግሞ መጀመሪያ የሚበላው በአፍንጫው ነው) አስቀምጡለትና ዞር በሉ። 20 ደቂቃ። ካልበላ አንሱት። በየሁለት ሳምንቱ ይመዘን፤ አቅፈሽው ሚዛን ላይ ቁሚ፣ ከዚያ ብቻሽን ቁሚ፣ ቀንሺ። 30 ኪሎ ማቀፍ ካቃተሽ ወንድምሽ ይቁም።

ጥያቄ፦ «ከደብረ ብርሃን ነው የምጽፍልዎ። ግቢ የሚጠብቅልኝ ውሻ አለ፣ የሀበሻ ነው። ቀን በሰንሰለት፣ ሌሊት ይለቀቃል። ሥጋ ቤት ካለው ወዳጄ የበግ ሳንባና ጉበት እየተቀበልኩ ጥሬውን እጥልለታለሁ፣ ሙልጭ አድርጎ ይበላል፣ ግን ሥጋ አይወጣውም። ሰው ደግሞ «ተወው፣ ውሻ ከጠገበ አይጠብቅም» ይለኛል።»

መልስ፦ ጋሼ፣ የእርስዎ ጉዳይ ከሮኪ ይለያል። እየበላ የሚከሳ ውሻ ሲገጥም በቅድሚያ የሚጠረጠረው ትል ነው። ጭራውን ቀና አድርገው መቀመጫው ዙሪያ ይመልከቱ። የደረቀ ሩዝ የመሰለ ነገር ከተጣበቀ የኮሶ ትል ቁራጭ ነው። ይኸኛው በቁንጫ በኩል ስለሚመጣ ቁንጫው ካልጠፋ መድኃኒቱ ብቻውን አይዘልቅም። ደም የሚመጠው መንጠቆ ትል ደግሞ በዓይን አይገኝም፣ ሰገራው በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት።

ጥሬ ሳንባውን ግን ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት። ይህን የምለው ለውሻው ብዬ ብቻ አይደለም። በግ ሲታረድ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት አይተው አያውቁም? ያንን ውሻ ጥሬውን ከበላ አንጀቱ ውስጥ ጥቂት ሚሊ ሜትር የምታህል ትል ትራባለች። ውሻውን ብዙም አታሳምመውም፣ ጤነኛ መስሎ ይኖራል። እንቁላሏ ግን ከሰገራው ጋር ይወጣል፣ ፀጉሩ ላይ ይጣበቃል፣ የልጅ ልጅዎ ሲደባብሰው እጁ ላይ ይቀራል፣ ከእጁ ወደ አፉ ይገባል። ከዚያ ያው ከረጢት ሰው ጉበት ላይ፣ ሰው ሳንባ ላይ ይበቅላል። ዓመታት ፈጅቶ ነው የሚያድገው፣ ሲታወቅም ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። ለበዓል ቤት በጉን አርዶ ሳንባውን ለውሻ ወርወር የሚያደርግ ሰው ሁሉ ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

ሳንባው ራሱ ግን ጥሩ ምግብ ነው፣ አይጣል። ቆራርጠው ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት እስከ 40 ደቂቃ ይንተክተክ። ከረጢት ያለበትን ቆርጠው ያቃጥሉት ወይም ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው ጠለቅ አድርገው ይቅበሩት። ጉበት በዝቶ አይሰጥ፤ ቫይታሚን ኤ ስለሚከማችበት በየቀኑ ዋና ምግብ ሲሆን አጥንትና መገጣጠሚያ ይጎዳል። መድኃኒቱን በተመለከተ ለኮሶ ትል የሚሆነው ፕራዚኳንቴል የሚባለው ነው፤ ውሻው ተመዝኖ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ይሰጠዋል። ያቺ የበግ ሳንባ ትል ውሻው ውስጥ ገብታ እንቁላል መጣል እስክትጀምር ስድስት ሳምንት ገደማ ይፈጅባታል፤ ጥሬ ነገር ለሚያገኝ ውሻ መድኃኒቱ በየስድስት ሳምንቱ የሚባለው ለዚህ ነው። ከሰው ፋርማሲ በግምት ገዝቶ መስጠት ግን አያዋጣም።

ደግሞ የደብረ ብርሃን ብርድ አለ። ሌሊቱን ውጭ የሚያድር፣ ፀጉሩ አጭር የሆነ ውሻ ሙቀቱን ለመጠበቅ ብቻ ብዙ ያቃጥላል። ከመሬት ከፍ ያለ፣ ነፋስ የማያስገባ ቤትና ደረቅ ጭድ ከሠሩለት ምግብ እንደጨመሩለት ይቁጠሩት።

«ከጠገበ አይጠብቅም» የሚለውን ማን እንዳመጣው እንጃ። ውሻ በበላበት ይጮሃል ያሉት አባቶች ያውቁ ነበር። የሚጠብቀው ግቢውን የራሱ ስለሚያደርገው እንጂ ስለራበው አይደለም። እንዲያውም ሌባ ሥጋ ይዞ ቢመጣ መጀመሪያ የሚታለለው የራበው ነው።

ጥያቄ፦ «ውሻችን ሁለት ቀን ሆነው፣ ምግብም ውሃም አይነካም። ምራቁ ይዝረበረባል፣ መንጋጋው ተንጠልጥሏል፣ ጩኸቱም ጎርንኗል። አጥንት ተሰንቅሮበት መስሎኝ አፉን ከፍቼ ላየው ነው፣ እንዴት ልያዘው?» (ከሱሉልታ)

መልስ፦ አትያዘው። ለዚህ ጠያቂ በዚያው ቀን በስልክ መልሰንለታል፣ እዚህ የምናወጣው ለሌላው ነው።

አጥንት ሊሆን ይችላል። ግን ድንገት መብላት የተወ፣ ምራቁ የሚዝረበረብ፣ መንጋጋው የወደቀ፣ ድምፁ የተለወጠ ውሻ እንደ እብድ ውሻ በሽታ ነው የሚታየው፣ ካልሆነ በኋላ ይጣራል። የእብድ ውሻ በሽታ ያለበት ሁሉ እየሮጠ አይናከስም፤ ጥግ ይዞ ዝም የሚል፣ አጥንት የተሰነቀረበት የሚመስል አለ። ሰዎች እጃቸውን አፉ ውስጥ የሚከቱትና ምራቁ የሚነካቸው ያኔ ነው። በር ዘግታችሁ ለዩት፣ ልጆችን አርቁ፣ ለእንስሳት ሐኪም ወይም ለአካባቢው የእንስሳት ጤና ቢሮ ደውሉ።

ነክሶህ፣ ቧጥሮህ ወይም ምራቁ ቁስልህን ነክቶህ ከሆነ ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠበውና በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ሂድ። ጸበሉም ይሁን፣ ግን ክትባቱ ይቅደም። ምልክቱ ሰው ላይ አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። ውሻ ከሦስት ወሩ ጀምሮ ይከተባል፣ በየዓመቱም ይደገማል።

ጥያቄ፦ «ሰላም ዶክተር፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነኝ። ሦስት ኪሎ የምትመዝን የአራት ዓመት ማልቲፑ አለችኝ። የደረቅ ምግቧን ዞራ አታየውም። ብራንዱን ስንቴ ቀየርኩ! የተጠበሰ ዶሮ ከሆነ፣ ያውም ጉርሻ ጉርሻ አድርጌ ከሰጠኋት ትበላለች። ጠዋት እንዳትራብብኝ ትንሽ ቺዝ፣ ከሥራ ስመለስ አንድ ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤ እሰጣታለሁ። ሐኪሟ ክብደቷ ጥሩ ነው ትላለች። እኔ ግን አጥንቷ ይሰማኛል፣ አንጀቴን ትበላዋለች።»

መልስ፦ አንጀትሽን ብቻ ሳይሆን ቺዝሽንም እየበላችው ነው።

ቆይ እንደምር። ለ3 ኪሎ ውሻ በ30 አባዝተን 70 ስንጨምር 160፣ ይህን በ1.6 ስናበዛ በቀን ወደ 255 ካሎሪ ነው የሚያስፈልጋት። «ትንሽ ቺዝ» ያልሽው 30 ግራም ቢሆን 120 ካሎሪ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤ 95። ሳህኑ ገና ሳይቀርብ 215 ገባ። ከዚያ ላይ የዶሮዋ ጉርሻ አለ። ይቺ ልጅ መራጭ አይደለችም፣ ጠግባ ነው። ሐኪሟ ጥሩ ነው ካለችሽ እመኛት፤ አጥንት ሳይታይ ሲዳሰስ መገኘቱ ጤና ነው።

ብራንድ መቀየሩ ደግሞ አንድ ነገር አስተምሯታል፦ እንቢ ካልኩ የተሻለ ይመጣል። ስትቀይሪ ሁለት ቀን በደስታ ትበላለች፣ ከዚያ ትተወዋለች፣ አንቺም ሌላ ትገዣለሽ። የሠለጠነችው እሷ ሳትሆን አንቺ ነሽ።

ጤናማ መሆኗ ከተረጋገጠ እንዲህ አድርጊ። ሙሉና ሚዛናዊ ምግብ መሆኑ ከረጢቱ ላይ የተጻፈበት አንድ ምግብ ምረጪና እሱ ላይ ጽኚ። ጠዋትና ማታ፣ ትንሽ ሙቅ ውሃ አፍስሽበትና ሽታው ሲወጣ አቅርቢ። በ15 ወይም 20 ደቂቃ ካልበላች አንሺ፣ እስከሚቀጥለው ሰዓት ምንም የለም፣ ቺዝም የለም፣ ከጠረጴዛ ላይ ቁራሽም የለም። የቤቱ ሰው ሁሉ ይስማማ፤ ባልሽ በጓሮ የሚያቀብላት ከሆነ ድካምሽ ከንቱ ነው። መጀመሪያ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ዶሮ በጣም አድቅቀሽ ከምግቡ ጋር ለውሺው፣ ለይታ መልቀም እንዳትችል። ከዚያ ቀስ በቀስ ቀንሺው። አንድ ምግብ ብታልፍ፣ ሁለተኛውንም ብትዘል አትደንግጪ። ግን ትንሽ ውሻ ስለሆነች ቀኑን ሙሉ ምንም ሳትቀምስ ከዋለች፣ ወይም ካስመለሳት፣ ካስቀመጣት፣ ከደበራት እልሁን ትተሽ ለሐኪሟ ደውይ። የስኳር በሽታ ወይም ሌላ ሕመም ያለባት ውሻ ላይም ይህ አይሞከርም። ማስለመጃና ማባበያ ከቀኑ ካሎሪ አሥር በመቶ አይለፍ፤ ለእሷ ያ ማለት የአውራ ጣትሽን ጥፍር የሚያህል ቺዝ ነው።

እግረ መንገድ፦ የኦቾሎኒ ቅቤው ጀርባ ላይ «ዛይሊቶል» የሚል ካለ ጣይው፣ ያ ማጣፈጫ የውሻን የደም ስኳር በደቂቃዎች ውስጥ አውርዶ ይገድላል። ብራንድ ስትቀያይሪ «እህል የሌለበት» የሚለውን በፋሽን ብቻ አትምረጪ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2018 እ.ኤ.አ. ከእነዚህ ምግቦች አንዳንዶቹ ከልብ መድከም ጋር ይገናኙ እንደሆነ መመርመር መጀመሩን አስታውቋል። የተከፈተ ከረጢትም ወራት አይቀመጥ፣ ስቡ ይበላሻል፣ አንቺ ባይሸትሽ ለእሷ ይሸታታል። የምግብ ፍላጎት የሚከፍት መድኃኒትስ ካልሽ አለ፤ ካፕሮሞሬሊን ይባላል፣ እዚያ አገር ለውሻ የተፈቀደው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። ግን እሱ በሽታ ፍላጎቱን ለዘጋበት ውሻ ነው፣ ቺዝ ለጠገበች አይደለም።

ጥያቄ፦ «ገርጂ አካባቢ መንገድ ላይ የወደቀች ውሻ አንስቼ ቤት አስገባሁ። አጥንትና ቆዳ ብቻ ናት፣ ሐኪም መዝኖ 14 ኪሎ ናት ብሏል። አንድ ኪሎ ሥጋ ቀቅዬ ልሰጣት ነበር፣ እህቴ «ቀስ በል» አለችኝ። የራበውን ማብላት ምን ክፋት አለው?»

መልስ፦ እህትህ ልክ ናት። ለብዙ ቀን ምንም ያልቀመሰ ሰውነት ድንገት ብዙ ምግብ ሲገባበት ደሙ ውስጥ ያሉ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም በአንዴ ይወርዳሉ፣ ልብ እስከማቆም ይደርሳል። ተርቦ ቆይቶ ያልሞተው፣ ጠግቦ የሚሞትበት ጊዜ አለ።

የ14 ኪሎዋ ስሌት 490 ካሎሪ ነው፣ አሁን ባላት ክብደት እንጂ ሊኖራት በሚገባው አይሰላም። በመጀመሪያው ቀን የዚህን ሩብ፣ በሁለተኛው ግማሹን፣ በሦስተኛው ሦስት አራተኛውን፣ በአራተኛው ሙሉውን ስጣት፣ ያንንም በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ከፋፍለህ። ውሃ ሁልጊዜ አጠገቧ ይኑር። ከሩዝ ይልቅ ሥጋና እንቁላል ይብዛበት፣ ያ የማዕድኑን መውረድ ያለዝበዋል። በእነዚህ ቀናት ድንገት ብትዝለፈለፍ፣ ብትንቀጠቀጥ፣ ትንፋሿ ቢያጥር ሐኪም ጋ ነው የምትሮጠው። ከሳምንት በኋላ ከበረታች በላይ በላዩ መጨመር ትችላለህ። እስክትከተብና እስክትታይ ድረስ ቤት ካለው ውሻም፣ ከልጆችም ለይተህ አስቀምጣት፤ ስታበላትም እጅህን ሳህኗ ላይ አታድርግ፣ የራበው ምግቡን ይከላከላል።

ጥያቄ፦ «ከባሕር ዳር። የሁለት ወር ቡችላ ተሰጥቶኝ ላም ወተት እያጠጣሁት ነበር። ትናንት ተቅማጥ ጀመረው፣ ዛሬ ምንም አልቀምስ አለ፣ አስመለሰውም። ወተቱን ልቀይርለት?»

መልስ፦ ወተቱን ተወውና ቡችላውን ይዘህ ውጣ። አሁን።

የላም ወተት ራሱ ተቅማጥ ያመጣል፣ ልክ ነህ። ነገር ግን ተቅማጥ፣ ማስመለስና ምግብ እንቢ ማለት በአንድ ላይ ያልተከተበ ቡችላ ላይ ሲመጡ ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ ነው የሚታሰበው። ሰገራው ደም ካለውና የተለየ የከረፋ ሽታ ካለው ይበልጥ። ይህ በሽታ በቀናት ሳይሆን በሰዓታት ነው የሚያደርቀው። በአፉ ምግብ ለማስገባት አትታገል፣ ያስመልሰውና ወደ ሳንባው ይገባል፤ የሚያስፈልገው በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ነው። በመንገድ ላይ ብርድ ልብስ ጠቅልለህ አሙቀው፣ ከተዝለፈለፈ ድዱን በጣትህ ጥቂት ማር ቀባው።

ከዳነልህ (በጊዜ ከተደረሰበት የሚድነው ብዙ ነው) በቀን አራት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ይበላል፦ በውሃ የራሰ የቡችላ ምግብ፣ ወይም ለጊዜው ለስለስ ያለ ሩዝ በደቀቀ ዶሮ። የክትባቱ ቀጠሮ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንቱ ይጀምርና በየሦስት አራት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16 ሳምንቱ ይሄዳል፤ አንዴ ተወግቶ አበቃ የሚሉህን አትስማ። ቫይረሱ ግቢህ ውስጥ ወራት ይቆያል፣ ከዓመት የሚያልፍበትም አለ። ሳሙና አይገድለውም። አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጠህ የተኛበትን፣ የበላበትን፣ የረገጠበትን ሲሚንቶ እጠብ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ይቆይበት። አፈሩ ላይ ግን በረኪናው እምብዛም አይሠራም፣ ስለዚህ ጎረቤት ያለ ያልተከተበ ቡችላ ለጨዋታ ወደ ግቢህ እንዳይገባ ንገራቸው።